ቡርጋንዲው ለምን ሮዝ ይሆናል? የኬክ ክሬም ቀለም አቀላቀል

ጥያቄው፦ «እትዬ፣ እንደምን አሉ? ጎንደር ማራኪ አካባቢ በቤቴ ኬክ እሠራለሁ። ለጥር ሰርግ አንዲት ሙሽራ የሚዜዎቿን ቀሚስ ቁራጭ ጨርቅ አምጥታ "ልክ ይህን ቀለም" አለችኝ። ቡርጋንዲ፣ ማለትም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ቀይ ነው። ቀይ ጄል (ወፍራም የምግብ ቀለም) ስጨምር ሮዝ ይሆንብኛል፤ ስደጋግም ይመራል። አብሮት የሚሄድ ውሃ ሰማያዊ አበባ ልሠራ ብዬ አረንጓዴ ወጣ። ባለፈው ለልደት የሠራሁት ሐምራዊ ደግሞ ቤት አምሮ አዳራሽ ሲደርስ አመድ መሰለ። የትኛውን ቀለም ከየትኛው ጋር ስንት ስንት ጠብታ ላድርግ?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጠብታ ቁጥር ፈልገሽ እንደጻፍሽ ገብቶኛል። ግን ቁጥር ብሰጥሽ ማሳሳት ይሆንብኛል። የአንዱ ፋብሪካ ጄል ከሌላው በጣም ይጠነክራል። ያንቺ ቅቤ ከሌላ ሰው ቅቤ ይለያል። ስለዚህ ቁጥሩን ለጊዜው ተይውና ቀለሙ ክሬሙ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን እንይ። እሱን ካወቅሽ የመጣልሽን ጨርቅ ሁሉ ራስሽ ታወጪዋለሽ።

ከጻፍሽው እንደተረዳሁት የቀለም አመራረጥሽ ብዙ ችግር የለበትም። ቡርጋንዲው ያስቸገረሽ ከነጭ ክሬም ስለተነሣሽና ሰዓት ስላልሰጠሽው ነው። ሰማያዊውን ያበላሸው ቅቤው ነው። ሐምራዊው ላይ ደግሞ ብርሃን እጁ አለበት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ የምግብ ቀለሞች የሚሟሙት በውሃ ነው። ቅቤ ደግሞ 80 በመቶ ገደማው ስብ ነው። ውሃው 16 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጄል ስትጨምሪ ቀለሙ ስቡ ውስጥ አይገባም። ቅቤው ውስጥ በተበተኑት ጥቃቅን የውሃ ነጠብጣቦች ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ገና እንደመታሽው በደንብ አልተሰራጨም፤ ያልሟሟ ቅንጣትም ይኖረዋል። ሰዓት ሲያገኝ ይሟሟል፣ ይሰራጫል፣ ይደምቃል። ዶሮ ወጥ ሲያድር ቅመሙ እንደሚሰርገው ማለት ነው። ለውጡ በተለይ በቀይ፣ በጥቁር፣ በጥቁር ሰማያዊና በሐምራዊ ላይ በግልጽ ይታያል። ማታ ሮዝ የመሰለሽ ነገር ጠዋት ቀይ ሆኖ ሊጠብቅሽ ይችላል። ፈዛዛ ቀለሞች ላይ ግን ለውጡ ትንሽ ነው፤ እዚያ ብዙ አትጨነቂ።

አሁን ወደ ቡርጋንዲው። ነጭ ክሬም ላይ ቀይ ስትጨምሪ መጀመሪያ የምታገኚው ሮዝ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። ክሬሙን ነጭ ያደረገው ስኳሩና ስትመቺው የገባው አየር ነው። ያን ሁሉ ነጭነት በቀይ ብቻ ልሸፍን ካልሽ ብዙ ቀለም ይጠይቃል። ብዙ ቀይ ደግሞ ይመራል። የሚመረው ቀለሙ ራሱ ስለሆነ ቫኒላ ብትጨምሪበትም አይሸፈንም። በዚያ ላይ ከንፈርና ጥርስ ያቀላል። ነጭ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ጥርሷ ቀልቶ ፎቶ እንድትነሣ አንፈልግም።

መፍትሔው ከነጭ ክሬም አለመነሣት ነው። ከካካዎ ተነሺ። በ250 ግራም ቅቤና በ500 ግራም አይሲንግ ሹገር (ዱቄት ስኳር) የተመታ ክሬም ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ በወንፊት ነፍተሽ ጨምሪ። ክሬሙ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይሆናል። አሁን ነጭነቱ ስለተሰበረ ቀዩ ከግማሽ መንገድ ነው የሚጀምረው። ከተቻለሽ ወደ ቀይ የሚያደላውን ካካዎ ምረጪ። በጣም የጠቆረው ካካዎ ለጥቁር ክሬም ይሻላል።

ከዚያ ቀይ ጄል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሪና በደንብ ምቺው። በዚህ ሰዓት የምታዪው ቡናማነት ያለው ቀይ ነው። ደስ ላይልሽ ይችላል፤ አትደንግጪ። ቡርጋንዲ ትንሽ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ስለሆነ አሁን የጎደለው ሰማያዊ ነው። ስቴኪኒ ሰማያዊ ጄል ውስጥ ንከሪና ጫፉን ብቻ ክሬሙ ላይ ጥረጊ። ምቺ። እዪ። ካልበቃ በአዲስ ስቴኪኒ ድገሚ። ሰማያዊ ጉልበተኛ ቀለም ነው። አንዴ ካመለጠሽ ክሬሙ ወደ ጥቁረት ይነዳል፤ እሱን ለመመለስ ሌላ ግማሽ ኪሎ ክሬም መምታት ሊኖርብሽ ነው። ሐምራዊ ጄል ካለሽ ከሰማያዊው ይልቅ እሱን ተጠቀሚ፤ ገር ነው።

ከጨርቁ አንድ ደረጃ ፈዘዝ ሲል አቁሚ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። «ትንሽ ቀረው» ብሎ ሌላ ማንኪያ ይጨምራል። በማግስቱ ክሬሙ የረጋ ደም መስሎ ይጠብቀዋል። አንቺ ግን ፕላስቲኩ ክሬሙን እስኪነካ ድረስ ሸፍነሽ አሳድሪው። ወተት ወይም ፈሳሽ ክሬም ከገባበት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት አውጥተሽ ወደ ቤቱ ሙቀት ሲመለስ ትንሽ ምቺውና ያኔ ፍረጂ። መጨመር ካስፈለገም የሚጨመረው ያኔ ነው።

ማሳደሪያ ጊዜ ከሌለሽ አንድ ዘዴ አለ። የክሬሙን ሩብ ያህል ትንሽ ሳህን ውስጥ አድርጊ። ሳህኑን የሚፈላ ውሃ ባለበት ድስት አፍ ላይ አስቀምጪው። ውሃው የሳህኑን ቂጥ አይንካው። ቅቤው መቅለጥ ሲጀምር አማስዪው። ቀለሙ ዓይንሽ እያየ ይጠቁራል። እሱን ቀዝቀዝ አድርገሽ ከቀረው ክሬም ጋር መልሰሽ ምቺ። ምንም ቀለም ሳትጨምሪ የክሬሙ ቀለም ይጠነክራል። ሙሉውን ክሬም ግን አታቅልጪ፤ አየሩ ይወጣና ክሬሙ ተመልሶ አይቆምም።

ጨርቁን ከክሬሙ ጋር ስታነጻጽሪም አሠራር አለው። የሚዜ ቀሚስ ብዙ ጊዜ ሳቲን ነው። ሳቲን ያብለጨልጫል፤ እጥፋቱ ጠቆር፣ የተነሣው ጎኑ ነጣ ብሎ ይታያል። የትኛውን ልትከተይ ነው? ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ወጥረሽ ዘርጊውና መካከለኛውን ያዢ። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ጎን ለጎን ቅደጂ። በአንዱ ቀዳዳ ጨርቁ፣ በሌላው ሳህን ላይ የቀባሽው ክሬም ይታይ። ዓይናችን ቀለምን የሚያየው ከጎረቤቱ ጋር እያወዳደረ ስለሆነ ወረቀቱ ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል። ይህን ሁሉ በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ላይ አድርጊ። ማታ በአምፖል ቀለም አታቀላቅሊ።

ለሙሽሪትም ሳህኑን አሳዪያት። ስልክ ላይ የሚላክ ፎቶ አይበቃም፤ የስልኩ ካሜራ ቀይን እንደፈለገ ያደርገዋል። መጥታ ትይ። ካልተመቻት ከዋናው ቀን በፊት ተናግራ ትሄዳለች።

አሁን ሰማያዊው። እንዴት አረንጓዴ ይሆናል ብለሽ ተገርመሽ ይሆናል። ቅቤ ቢጫ ነው። ቢጫነቱ የሚመጣው ላሟ ከበላችው ሣር ውስጥ ካለ ካሮቲን ከሚባል ቢጫ ቀለም ነው። ለዚህ ነው ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲለመልም የሚመጣው ቅቤ ቢጫነቱ የሚደምቀው፣ በበጋ ገለባ የበላች ላም ቅቤ ደግሞ የሚነጣው። ማርጋሪንም ብትጠቀሚ ቢጫ ቀለም ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ሰማያዊና ቢጫ አረንጓዴ ነው። ውሃ ሰማያዊ ደግሞ ቀለሙ ትንሽ ስለሆነ የቅቤው ቢጫ ያሸንፈዋል። ለዚህ ነው ጥቁር ሰማያዊ ላይ ያላየሽውን ችግር ፈዛዛው ላይ ያየሽው።

ስለዚህ ቀለሙን ከመክፈትሽ በፊት ክሬሙን አንጪ። ቅቤው ለስለስ ይበል፣ ግን አይቅለጥ። ስኳር ሳይገባበት ብቻውን ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ምቺው። አየር ሲገባበት በግልጽ ይነጣል። ብዙ ሰው ሁለት ደቂቃ መትቶ ስኳሩን ይገለብጥበታል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቡናማ ቫኒላ ካለሽ ለዚህኛው ክሬም አትጠቀሚበት፤ ቀለም የሌለውን ፈልጊ ወይም ተይው። አሁንም ቢጫ ካለ የሐምራዊ ጄል እንጥፍጣፊ ያስፈልጋል። ሐምራዊ የቢጫ ተቃራኒ ስለሆነ ያጠፋዋል። ስቴኪኒውን ጄሉ ውስጥ ነክረሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ክሬም ውስጥ አማስይ፤ ከዚያች ክሬም ትንሽ ትንሽ ወደ ትልቁ ጨምሪ። ልክ ቢጫው ሲጠፋ አቁሚ። ካለፍሽው ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫ ላይ ደግሞ ንጹሕ ሰማያዊ አይወጣም።

የገበያ ለጋ ቅቤን ለዚህ ሥራ አልመክርሽም። ለወጥ የሚሆነው ሽታው ለኬክ አይሆንም፣ ውሃውም ልኩ አይታወቅም። ጨው የሌለው የፋብሪካ የገበታ ቅቤ ይሻላል። ነጭ የአትክልት ቅቤ ካገኘሽ ደግሞ ግማሽ በግማሽ አድርጊው። ጣዕሙ ትንሽ ይቀንሳል፣ ለሰማያዊ አበባ ግን ዋጋ አለው። እንዲያውም የጾም ኬክ ስትሠሪ በነጭ የአትክልት ቅቤ ከሆነ ሰማያዊውና ሐምራዊው ከፍስኩ የተሻለ ጠርቶ ታዪዋለሽ። ረቡዕና አርብ ለሚውል ልደት ይህን ያዢ።

ሰማያዊ ጄሎቹም ይለያያሉ። ብሪሊያንት ብሉ የሚባለው፣ በጀርባው ኢ133 ተብሎ የሚጻፈው፣ በተፈጥሮው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ብቻውን ለቱርኩዝ (ወደ አረንጓዴ ለሚያደላ ሰማያዊ) ግሩም ነው። ውሃ ሰማያዊ ስትፈልጊ ግን በትንሹ ሐምራዊ የተቀላቀለበት፣ ብዙ ጊዜ ሮያል ብሉ ተብሎ የሚሸጠው፣ ቅቤውን ይቋቋማል።

ሐምራዊው ላይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ምርመራ ልስጥሽ። ኬኩ ተቆርጦ ከሆነ የክሬሙን ውፍረት ከጎን እዪው። ላዩ አመድ መስሎ ውስጡ ሐምራዊ ከሆነ ቀለሙን ብርሃን በልቶታል። ላዩም ውስጡም አንድ ዓይነት ከሆነ ትንሽ ወስደሽ መስኮት ጋ አውጪው። በቀን ብርሃን ሐምራዊነቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የአዳራሹ መብራት ነው፤ ኬክሽ ደኅና ነበር።

በመጀመሪያው እንጀምር። ሐምራዊ ከቀይና ከሰማያዊ ነው የሚሠራው። ከሁለቱ ቀይ ወይም ሮዙ ቶሎ ይለቃል። በተለይ ኤሪትሮሲን የሚባለው ደማቅ ሮዝ፣ ኢ127፣ ብርሃን አይችልም። እሱ ሲሄድ ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ጥቂት ሰዓት ከቆየ ይበቃዋል። ከማራኪ ተነሥቶ አዘዞ ድረስ በባጃጅ ውስጡን በሚያሳይ ካርቶን ሲሄድም ብርሃኑ ይደርስበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሠራሽበት ደቂቃ ጀምሮ በማያሳይ ካርቶን ሸፍኚው። ሐምራዊና ሮዝ ኬክ ማሳያ መስታወት ውስጥ ፀሐይ እየመታው አይውልም።

ሐምራዊውን ራስሽ ከቀይና ከሰማያዊ ያቀላቀልሽው ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ገበያ ላይ የሚበዛው ቀይ አሉራ ሬድ፣ ኢ129፣ ነው። እሱ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ብርቱካናማ የሰማያዊ ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግማሹ ቀለም እርስ በርሱ ይጠፋፋና የቆሸሸ ቡናማ ሐምራዊ ይቀርሻል። ስለዚህ ለሐምራዊ ቀይ አትጠቀሚ። ሮዝ ተጠቀሚ፤ ወደ ሐምራዊ የሚያደላውን ቀዝቃዛ ሮዝ፣ ጀርባው ላይ ኢ127 የሌለበትን። መጀመሪያ ክሬሙን ጠንከር ያለ ሮዝ አድርጊው፣ ከዚያ ሰማያዊውን በስቴኪኒ አስገቢ። በዚህ መንገድ የሚወጣው ሐምራዊ ከሌላ ዓለም የመጣ ይመስላል። እኔ በበኩሌ ዝግጁ ሐምራዊ ጄል ከመግዛት ይህን እመርጣለሁ፣ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ሰማያዊ ማዘንበሉን በእጄ ስለማደርገው።

የአዳራሽ መብራት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቢጫ አምፖል ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ትንሽ ነው። በዚያ ሥር ሰማያዊና ሐምራዊ ይሞታሉ፤ ቀይና ብርቱካናማ ደግሞ ይደምቃሉ። አሁን የሚሰቀሉት ሰማያዊ የዲጄ መብራቶች ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ያንቺን ቡርጋንዲ ጥቁር ያስመስሉታል። ይህን በቀለም ሙሉ በሙሉ ልታስተካክይው አትችዪም። የምትችዪው አስቀድመሽ አዳራሹን ማየት፣ ከተቻለም የቀባሽውን ሳህን ይዘሽ ሄደሽ ኬኩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ማድረግ ነው። ዲኮር የሚሠሩትን ሰዎች አነጋግሪ። ኬኩ ላይ አንድ ነጭ መብራት ይብራልኝ ብትያቸው ለነሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቡርጋንዲውን ደግሞ ሰማያዊ መብራት ካለ ከጨርቁ ትንሽ ፈካ አድርገሽ ተዪው።

ስለ ቀለሙ ዓይነት በአጭሩ። ፈሳሹ ለክሬም ደካማ ነው፤ ጠንካራ ቀለም ለማውጣት ብዙ ውሃ ታስገቢና ክሬሙ ይበጣጠሳል። ለፈዛዛ ይሆናል። ዱቄቱ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ደኅና ነው፣ ግን ደረቁን ከጨመርሽው በማግስቱ ክሬሙ ላይ ነጥብ ነጥብ ይሆናል። በጥቂት ጠብታ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ አስገቢው። ጄሉ ለክሬም ከሁሉም ይመቻል። ቸኮሌት ላይ ግን ፈሳሹን፣ ጄሉንና በውሃ የተበጠበጠውን ዱቄት አትሞክሪ፤ ጠብታ ውሃ የቀለጠ ቸኮሌትን ያደርቀዋል። ለሱ በዘይት የተሠራ ቀለም አለ።

የልብስ ቀለም፣ የዕደ ጥበብ ብልጭልጭ፣ «መርዛማ አይደለም» ብቻ የሚል ወርቃማ ዱቄት ኬክ ላይ አይገባም። «መርዛማ አይደለም» ማለት ይበላል ማለት አይደለም። ለምግብ እንደሚሆን በግልጽ ካልተጻፈበት አትግዢው። ርካሽ ቢሆንም።

አሁን ለሙሽሪት ያልጠየቅሽኝን፣ ግን ነገ የምትጠየቂውን ልጨምርልሽ። ዘንድሮ ሁሉም የሚፈልገው ደብዘዝ ያለ ቀለም ነው፤ አቧራ የጠጣ ሮዝ፣ የደረቀ ቅጠል አረንጓዴ። እነዚህ የሚወጡት ቀለሙን በተቃራኒው በመስበር ነው። ቀይ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ በብርቱካናማ፣ ቢጫ በሐምራዊ ይሰበራል። ሮዝ ክሬም ሠርተሽ የስቴኪኒ ጫፍ አረንጓዴ ስታስገቢበት ጩኸቱ ይቆምና ረጋ ያለ ሮዝ ይሆናል። ቡናማም ይሠራል፣ ግን ያሞቀዋል። ጥቁር አታድርጊበት፤ ጥቁር ቀለሙን ያቆሽሸዋል። ለዝሆን ጥርስ ነጭ ቢጫና ቡናማ በጣም በትንሹ። ለፒች (የኮክ ቀለም) ብርቱካናማ ላይ ሮዝ። ለወርቃማ ቢጫ ላይ ቡናማና ትንሽ ብርቱካናማ፤ ክሬም ወርቅ አይሆንም፣ ወርቅ የሚመስል ቢጫ ነው የሚሆነው፣ ማብለጭለጩ ከላይ በሚረጭ ዱቄት ነው የሚመጣው። ጥቁር ክሬም ከፈለጉሽ በጥቁር ካካዎ ጀምረሽ በጥቁር ጄል ጨርሺው፣ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመሽ።

ከውጭ የመጡ ዘመዶችና ተመራቂዎች ደግሞ የፋሲል ግንብ ቅርጽ ኬክ ያዛሉ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በአንድ ወጥ ቡናማ ነው፣ እና ቸኮሌት ኬክ ይመስላል እንጂ ግንብ አይመስልም። ሄደሽ ግንቡ ሥር ቆመሽ እዪው። ድንጋዩ ያልተጠረበ ቡናማ ባዝልት ነው። አንዱ ወደ ግራጫ፣ አንዱ ወደ ቀይ ያዘነብላል፣ በመካከሉ የኖራው ስሚንቶ ነጣ ብሎ ይታያል። ስለዚህ አንድ የካካዎ ክሬም ሠርተሽ ለሦስት ክፈዪው። አንዱን እንዳለ ተዪው። አንዱን በሰማያዊ እንጥፍጣፊ ወደ ግራጫ ውሰጂው። አንዱን በብርቱካናማ አሙቂው። ኬኩን መጀመሪያ በዝሆን ጥርስ ነጭ ቀቢው፣ ያ ኖራው ይሆንልሻል። ድንጋዮቹን በጠፍጣፋ ማንኪያ ጫፍ ሦስቱን እያፈራረቅሽ ለጥፊ። ረድፉ አይስተካከል። ልብ የሚያሞቅ ሥራ ነው፣ ጎንደሬ ሲያየው ወዲያው ያውቀዋል።

ለልጆች ልደት ቀለሙን ቀነስ አድርጊ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ታርትራዚን የሚባለውን ቢጫና አሉራ ሬድን ጨምሮ ስድስት ቀለሞች የገቡበት ምግብ ላይ የልጆችን ትኩረት ሊጎዳ እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ነጭ ለማድረጊያ የሚሸጠውን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ኢ171፣ ደግሞ በ2022 ከምግብ አግዶታል። እኔ ለልጅ ኬክ ፈዛዛውን እመርጣለሁ፤ ከላይ ሁለት ሦስት ደማቅ አበባ ይበቃል። የቤት ቀለምም አለ። ቀይ ሥር ጭማቂው እሳት ላይ ተቀንሶ ቆንጆ ሮዝ ይሰጣል፣ ኬኩ ውስጥ ከተጋገረ ግን ይጠፋል። ከርከዴ ሎሚ ባለበት ቀይ ነው፣ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። እርድ ቢጫው ድንቅ ነው፣ ፀሐይ ግን ያለቅቀዋል። በእነዚህ ቡርጋንዲ አታወጪም፤ ለፈዛዛ ሮዝና ቢጫ ግን ይሆናሉ።

ጾመኛ ደንበኛና ሙስሊም ደንበኛ ሲኖርሽ የቀዩን ጀርባ አንብቢ። ካርሚን ወይም ኢ120 ከተጻፈበት ከነፍሳት የሚወጣ ቀለም ነው። ንገሪያቸውና እነሱ ይወስኑ።

የጥር ወሩን ሰርግ እንዲህ ያዢው። ሰርጉ እሁድ ከሆነ ሐሙስ ክሬሙን ምቺና ቡርጋንዲውን አቀላቅለሽ አሳድሪ። ከሚያስፈልግሽ አንድ ሦስተኛ አትርፈሽ ሥሪ፤ ሲያልቅብሽ ያንኑ ቀለም ደግሞ ማውጣት በጣም ከባድ ነው። አርብ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ከጨርቁ ጋር እዪው፣ አስተካክዪው፣ ለሙሽሪት አሳዪ። የተጠቀምሽውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፊ፦ የቅቤው ዓይነት፣ የጄሉ ማርካ፣ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ስቴኪኒ። የጠብታ ቁጥር የሚጠቅመው ያኔ ነው፣ ያንቺው ሲሆን። ቅዳሜ ኬኩን ቀቢ። ሰማያዊ አበባዎቹን ግን ቡርጋንዲው ላይ እሁድ ጠዋት ለጥፊ። ፈዛዛ ክሬም ጠቆር ባለ ክሬም ላይ ካደረ፣ በተለይ ከፍሪጅ ሲወጣ ሲያልበው፣ ቀዩ ወደ ሰማያዊው ይፈሳል። ኬኩ ከፍሪጅ ሲወጣ ካርቶኑን ወዲያው አትክፈቺው። ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ቀዝቃዛው ይውጣለት፤ ጤዛው ክሬሙ ላይ ሳይሆን ካርቶኑ ላይ ይረፍ። መብራት ቢጠፋም አትረበሺ፤ የጥር ሌሊት ጎንደር ውስጥ ለቅቤ ክሬም የሚበቃ ቅዝቃዜ አለው፣ ወተት ወይም ፈሳሽ ክሬም ካልገባበት ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ይደር።

ስለ ሐምራዊው ግን ተጨማሪ ልንገርሽ እንድችል የጄሉን ጀርባ ገልብጠሽ የተጻፈውን የኢ ቁጥር ላኪልኝ። ኢ127 ካለበት ለዚህ ሰርግ አትጠቀሚበት፣ ምን እንደምትተኪው እነግርሻለሁ። ቅቤ ነው ማርጋሪን የተጠቀምሽው የሚለውንም ጨምሪልኝ።